አክቲን እና ተቆጣጣሪዎቹ በአንጎል ውስጥ፦ ከጽንስ እስከ እርጅና

ባሕር ዳር ሕክምና ወይም ባዮሎጂ የሚማር ልጅ አክቲን የሚባለውን ፕሮቲን መጀመሪያ የሚተዋወቀው ስለ ጡንቻ ሲማር ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃንጋሪ ውስጥ ሲገኝም ከጡንቻ ነበር። አንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ከዚያ ይበልጣል እላለሁ።

የአክቲን ቅንጣቶች እየተያያዙ 7 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው ቀሪው ቶሎ ይገባዋል፦ አንዷ ደንገል በእጅ ትታጠፋለች፤ ብዙ ሆና ስትታሰር ግን ሰው ከነጭነቱ ተሸክማ ሐይቁን ታቋርጣለች። ክሩን የሚያስሩት፣ የሚቆርጡትና የሚያረዝሙት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮፊሊን አዲስ ቅንጣት ያቀርባል። ኮፊሊን ያረጀውን ክር ይቆርጣል። ድሬብሪን ደግሞ ክሩን ይዞ ያጸናዋል።

በጽንስ ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት ከተፈጠሩበት ተነሥተው ወደ ቦታቸው ይጓዛሉ። ለጉዞው አክቲን የግድ ነው። ክሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የፊላሚን ኤ ዘረ መል ሲበላሽ አንዳንድ ሕዋሳት መንገድ ሳይጀምሩ በአንጎል ክፍተቶች ዳር ይቀራሉ። ብዙዎቹ ታማሚዎች የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል። አንድ ፕሮቲን ጎደለ ተብሎ ይህ ሁሉ!

ቦታው የደረሰ ሕዋስ ቅርንጫፎቹ ላይ ጥቃቅን ጉጦች ያወጣል። ከሌላ ሕዋስ መልእክት የሚቀበለው በአብዛኛው በእነሱ ነው። ጉጦቹ በአክቲን የተሞሉ ስለሆኑ ስንማር ቅርጻቸው ይለወጣል። እዚህ ላይ ሊም ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ኮፊሊን ላይ ፎስፌት ለጥፎ መቁረጡን ያስቆመዋል። ስሊንግሾት የተባለው ፎስፌቱን ሲያነሣለት ኮፊሊን ሥራውን ይቀጥላል። ድሬብሪንም በጽንስ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አንጎል ሲጎለምስ በሌላ ዓይነት ይተካል።

እርጅና ላይ ስንመጣ፣ አዛውንት ሲረሱ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን። ጤናማ እርጅና ግን የሕዋሳት በጅምላ ማለቅ አይደለም። በሬሰስ ጦጣዎች እንደታየው፣ የፊተኛው አንጎል ሕዋሳት እያሉ ጉጦቹ፣ በተለይ ቀጫጭኖቹ፣ ይቀንሳሉ። አልዛይመር ሌላ ጉዳይ ነው። ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ድሬብሪንም በእጅጉ ይቀንሳል።

ኮፊሊን ጣጣ የሚያመጣው ሕዋሱ ጉልበት ሲያጥረው ነው። ከአክቲን ጋር ተጣብቆ ጠንካራ ዘንግ ይሠራል። እጥረቱ ቶሎ ካለፈ ዘንጉ ይፈታል። ከቆየ ግን በነርቭ ክር ውስጥ የሚመላለሰውን ጭነት ይዘጋል። በአልዛይመር በተያዘ አንጎልም እንዲህ ዓይነት ዘንጎች ታይተዋል። መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን ኮፊሊን ላይ መጣላቸው ትክክል ይመስለኛል። ችግሩ ኮፊሊን ለሌላውም ሰውነት ማስፈለጉ ነው፤ ዘንጉን ብቻ ለይቶ መከልከል ቀላል አይደለም።