ቺፑዱ ያበጠው በባሕር ዛፉ አይደለም

«ይሄ የባሕር ዛፍ ቺፑድ ነው አይደል? ቶሎ ያደገ ዛፍ እኮ ውሃ ሲነካው ያብጣል!»

ደሴ ውስጥ ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት ዕቃ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ደንበኛው ይለዋል፣ ነጋዴው ይለዋል፤ የሚያናድደኝ ግን አናጺውም ማለቱ ነው።

ስለ ቺፑድ ከሚወራው ሌላ ወሬ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ቺፑድ ሰጋቱራ ነው።» አይደለም። እንጨቱ ተከትክቶ ስንጣሪ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሙጫ ይረጭበታል፣ ከዚያ በጋለ መጭመቂያ ይጨመቃል። ጠርዙን ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይና ከታች ደቃቁ፣ መሃል ላይ ሸካራው ይታያችኋል።

«ሚስማር አይዝም።» ሚስማር ማን ምቱበት አላችሁ? መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ ከዚያ በቪት እሰሩት።

«ጥሩ ቺፑድ የሚወጣው ካረጀና ከጠነከረ ዛፍ ነው።» ቀለል ያለ እንጨት ሲጨመቅ ስንጣሪው በደንብ ይጠጋጋል፣ ሙጫውም ይይዘዋል። ጠንካራውን እንጨት እንዲጣበቅ ብላችሁ ስትጨምቁት ጣውላው የሚሸከሙት አይሆንም። ግራቪሊያ የሚመቸው ቀለል ስለሚል ነው። ባሕር ዛፍ ከበድ ይላል፤ ከቀላል እንጨት ጋር ሲደባለቅ ይሻላል። ቀጫጭን ግንድ ይበቃል፤ ልጣጩ ግን መነሳት አለበት።

አሁን ወደ እብጠቱ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የወጥ ቤት ቁም ሣጥን እንዳድስላቸው አስጠሩኝ። የሠራላቸው ሌላ ሰው ነው። «ልጄ፣ የባሕር ዛፍ ሰጥቶ ጉድ አረገኝ» አሉኝ። ተንበርክኬ አየሁት። እግሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ ሽፋኑም ተሰንጥቋል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ግን ምንም አልሆነም። ጣውላው ያው አንድ ጣውላ ነው። ጥፋቱ የዛፉ ቢሆን ላዩስ ለምን ደህና ሆነ?

«እማማ፣ ወለሉን እንዴት ነው የሚያጥቡት?»

«ውሃ ደፍቼበት ነዋ!»

ሣጥኑ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ፊት ለፊት የሚታየው ጠርዝ ተሸፍኗል፤ የታችኛው ግን ባዶውን ነው። ውሃው የገባው በዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጣሪው ፋብሪካ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ ጠፍጥፏል። ውሃ ሲያገኝ ወደ ድሮ ውፍረቱ መመለስ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚጨመርበት የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ደግሞ ውሃ አይችልም፤ ይለቀዋል። ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ይህ በየትኛውም ዛፍ ቺፑድ ላይ ይደርሳል። ሜላሚን የተቀላቀለበት ሙጫ እርጥበትን በተሻለ ይቋቋማል።

የማያምን ካለ ይሞክረው። እኔ ከአንድ ጣውላ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ፣ የአንዱን ጠርዝ ሁሉ ዘግቼ፣ ሁለቱንም ባልዲ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ያልተዘጋው 18 ሚሊ ሜትር የነበረው 21 ሆኗል። የተዘጋው ያው 18 ነው።

ስለዚህ ስታሠሩ የታችኛው ጠርዝ እንዲዘጋ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። ሣጥኑ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም። በእቃ ማጠቢያው ዙሪያ ሲሊኮን ይደረግ። ወለሉን ደግሞ በጨርቅ ወልውሉ እንጂ ውሃ አትድፉበት፣ በበዓልም ቢሆን!

«ቺፑድ ደን ይጨርሳል» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ገበሬው ከዚያው ጉቶ ደጋግሞ ይቆርጣል። ዋንዛና ጥድ ቆርጦ አልጋ ማሠራቱ ነው እኔን የሚያሳዝነኝ።

«ሽታው የባሕር ዛፉ ነው» የሚሉም አሉ። የሙጫው ነው። አዲስ ዕቃ ሲገባ መስኮት ክፈቱ። ቁርጥራጩን ምድጃ ውስጥ አትማግዱት፤ ሙጫውና ሽፋኑ ሲቃጠሉ ጭሱ መርዛማ ነው። ለእንጀራ ማገዶ ብለው ሊለቅሙ የሚመጡ ጎረቤቶች አሉኝ። እሺ ብዬ እሰጥ ነበር። አሁን የምሰጣቸው ሙጫ የሌለበት የንጹህ እንጨት ፍቅፋቂ ብቻ ነው።