ፎከስ ፒኪንግ ምንድን ነው?

ርካሽ ማንዋል ሌንስ (ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል) ገዝተው ሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ላይ የገጠሙ ሰዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፤ «ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የልጅቷ ዓይን ደብዝዟል።» ሌንሱን ከመውቀሳችን በፊት ፎከስ ፒኪንግን ብንጠረጥር ይሻላል።

ፒኪንግ በስክሪኑ ላይ የምታዩት ባለቀለም መስመር ነው። ካሜራው ብርሃኑን ወደ ምስል ከሚለውጠው ቺፕ፣ ከሴንሰሩ፣ የሚመጣውን ምስል ይመረምርና ብርሃንና ጥላ ጥርት ብለው የሚለያዩባቸውን ጠርዞች በቀይ፣ በቢጫ ወይም በነጭ ያደምቃቸዋል። ፎከስ ውስጥ የገባ ነገር ጠርዙ ስለሚጠራ፣ የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ቀለሙ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲሄድ ይታያል። ፎቶው ላይ ግን አይቀረጽም። ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ በመመልከቻው ስታዩ ይህ የለም፤ እዚያ ዓይናችሁ የሚያገኘው ከመስታወቱ የተንጸባረቀውን ብርሃን ነው። ሚረርለስ ሁልጊዜ የሚያሳያችሁ ሴንሰሩ ያየውን ነው።

መስታወቱ መቅረቱ ሌላም በር ከፍቷል። የድሮው ኤም 42 ሌንስ (እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገጠም) ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት። የሶኒ ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ፣ ኢ ማውንት፣ ግን ከሴንሰሩ የሚርቀው 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው አዳፕተር ውስጡ ምንም ሌንስ የሌለው ባዶ የብረት ቀለበት ቢሆን ይበቃል፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። በሶቪየት ዘመን ከዜኒት ካሜራ ጋር ይሸጥ የነበረው ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ በዚህ መንገድ ዛሬም ይሠራል። ካሜራው ሌንሱን ስለማያውቀው አላነሳም ካለ፣ ሌንስ ባይገጠምም እንዲያነሳ ከሜኑ ፍቀዱለት። ካሜራው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት ካለም የሌንሱን የትኩረት ርዝመት 58 ብላችሁ በእጅ ሙሉት።

ወደ ፒኪንግ እንመለስ። ትልቁ ችግሩ የሚያየው ጠርዝ እንጂ ፊት አለመሆኑ ነው። የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት በኤፍ 2፣ ማለትም ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ፣ ስታነሱ፣ ነጩ ሸማ ላይ ያለው ባለቀለም ጥበብ ከሽፋሽፍቷ ይልቅ የጎላ ጠርዝ አለው። በትክክል ፎከስ ውስጥ ባይሆንም እንኳ ቀይ ሊበራ ይችላል። ፊቷ ለስላሳና በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዓይኗ ፎከስ ውስጥ ሆኖም ምንም ላይበራ ይችላል። ቀዩን አምኖ የሚያነሳ ሰው ጥበቡ የጠራ፣ ዓይኑ የደበዘዘ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

እኔ ፒኪንግን የምጠቀመው አካባቢውን ለማግኘት ብቻ ነው። መጠኑን ሜኑ ውስጥ ዝቅተኛው ላይ አደርገዋለሁ፤ ከፍተኛው ላይ ሲሆን ግማሽ ስክሪኑ ቀይ ይሆንና ምንም አይነግራችሁም። ከዚያ ማጉያውን ተጭኜ ዓይኑን አቅርቤ አስተካክላለሁ። በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) የምታነሱ ከሆነ የምስሉን አሠራር (ፒክቸር ስታይል) ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጉት፤ ቀዩ መስመር ጎልቶ ይታያል፣ የሮው ፋይሉም ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ለዓይን ትንሽ ግራ ያጋባል እንጂ ይለመዳል።

አፐርቸሩም፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ልዩነት ያመጣል። ሲጠብ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ) ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ይሰፋና ብዙ ነገር አንድ ላይ ይበራል፤ የትኛው መካከሉ እንደሆነ ማወቅ ይከብዳል። ሄሊዮስ 44-2 ላይ ለዚህ የተሠራ ነገር አለ፤ አንዱ ቀለበት የምትፈልጉትን ቁጥር ይይዛል፣ ሌላው ሌንሱን ይከፍትና እዚያው ቁጥር ድረስ መልሶ ይዘጋል። በኤፍ 2 ከፍታችሁ ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ሳታዩ ወደ ኤፍ 4 ትመልሱታላችሁ።

ለሚሮጥ ልጅ ወይም ለገበያ ግርግር ግን ፒኪንግም ማጉያውም አይደርሱም። ያኔ ሁለቱንም ትቶ ርቀቱን አስቀድሞ ሌንሱ ላይ መሙላት ይሻላል። ኤፒኤስሲ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰው) ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ወደ 4 ሜትር ግድም ከተሞላ፣ ከ2 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው በበቂ ሁኔታ ይጠራል። ብርሃን ካነሰና አፐርቸሩን መክፈት ግድ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አያዋጣም።