ወበቅ፦ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሰውነት የሚደርስበት ጫና (ከአዳማ አንጻር)

ወበቅ የሚባለው ሞቃት አየር እርጥበት አዝሎ ላብ ከቆዳ ላይ መድረቅ ሲሳነው ነው፤ በዕለት ንግግር ግን ደረቁንም ሐሩር ወበቅ ማለት ይቀናናል። የሰው አካል የውስጥ ሙቀቱን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መጠበቅ አለበት፤ የሞቀ ቆዳ ወደ 35 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ሙቀት የሚወጣበት መንገድ የላብ ትነት ብቻ ይሆናል። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሳይተን የተንጠባጠበው ግን ውሃና ጨው ከማባከን ያለፈ ፋይዳ የለውም። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በሸክላው የሚያዣው እርጥበት እየተነነ የውስጡን ሙቀት ይወስዳል።

ስለዚህ የቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ሲሆን 19 ገደማ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ 32 ገደማ ያነባል። የዚህ ንባብ 35 ዲግሪ መድረስ ጤናማ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦም ለረጅም ሰዓት የማይቋቋመው ጣሪያ ተደርጎ ሲወሰድ ቆይቷል፤ በወጣቶች ላይ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ግን ሰውነት 31 ገደማ ላይም ሙቀቱን መቆጣጠር እንደሚያቅተው አሳይተዋል።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው አዳማ ሞቃት ብትሆንም፣ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያስተከለው ነፋሷም ከቆዳ ላይ እርጥቡን አየር ይጠርጋል። ወበቁ የሚብሰው በቤት ውስጥ ነው፦ እንፋሎት በሞላው የእንጀራ መጋገሪያ ክፍል፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት፣ ወይም «ነፋስ ይመታኛል» ተብሎ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ።

ላብ ሳይተን ሲቀር ልብ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ለመርጨት በፍጥነት ይመታል፤ አረጋውያንና የልብ ሕሙማን ቀድመው የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው። መድከም፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላሉ። የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው መቀባዠር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ለሕይወት ያሰጋል፤ ወደ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስም ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ማራገብ ያስፈልጋል።

ከደጋ የመጣ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሙቀቱን ይለምዳል፤ ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል። አየሩ እርጥበት ጠግቦ ላቡን ካልተቀበለው ግን ይህ መላመድም እምብዛም አይረዳውም።