«አምላክም የለ፣ ጌታም የለ»

አናርኪስቶች፣ ማለትም መንግሥትንም ሌላ የበላይ ገዢንም የማይቀበሉ ሰዎች፣ ባሉበት ሰልፍ ላይ ይህ መፈክር አይጠፋም። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ስናመጣው ግን ትንሽ ያስቸግራል። በእኛ ቋንቋ «ጌታ» ፈጣሪም ነው፣ አሽከር የሚያዝም ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሁለቴ የተባለ ይመስላል። በፈረንሳይኛው ግን ሁለተኛው ቃል አዛዥን፣ አሳዳሪን የሚመለከት ነው።

መነሻው ጋዜጣ ነው። ፈረንሳዊው አብዮተኛ ኦጉስት ብላንኪ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ስም ጋዜጣ አቋቋመ። ሰውየው ከ30 ዓመት በላይ በእስር ስላሳለፈ «እስረኛው» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ጋዜጣውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1881 የመጀመሪያ ቀን አረፈ።

የሚገርመው፣ ብላንኪ ራሱ አናርኪስት አልነበረም። ጥቂት ቆራጦች በምስጢር ተደራጅተው ሥልጣን ይያዙ ባይ ነበር። አናርኪስቶች የሚፈሩት ደግሞ ይህንኑ ነው፤ አሮጌው ጌታ ወርዶ አዲሱ እንዳይወጣ። መፈክሩን ወሰዱ፣ ባለቤቱን ተዉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መፈክሩ «ጌታ የለም» አለ እንጂ «ሥርዓት የለም» አላለም። እኛ አናርኪን «ሥርዓተ አልበኝነት» ብለን ስለተረጎምነው ነገሩ ተምታታ እንጂ፣ የግሪክኛው ቃል ፍቺ «ገዢ አልባ» ነው።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው «ጌታው ማነው?» ሲባል ነው። በ1910 ባርሴሎና ላይ የተመሠረተው የስፔን የሠራተኞች ማኅበር፣ ሲኤንቲ፣ በመጀመሪያ የሚታየው የፋብሪካው ባለቤት ነው። የጀርመናዊው ፈላስፋ የማክስ ሽቲርነር ተከታዮች ደግሞ «አገር»፣ «ግዴታ» የሚባሉት ሐሳቦችም ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጡ ጌቶች ናቸው ይላሉ። አሜሪካዊው ጸሐፊ መሬይ ቡክቺን ነገሩን እስከ ተፈጥሮ ወሰደው፦ ሰው ተፈጥሮን ልግዛ ያለው መጀመሪያ ሰውን መግዛት ስለለመደ ነው አለ። ራሳቸውን አናርኮ ካፒታሊስት የሚሉትም አሉ። ለእነሱ ጌታው መንግሥት ብቻ ነው፤ አሠሪው ምንም አላጠፋም። ሌሎቹ አናርኪስቶች ግን «እነዚህስ የእኛ አይደሉም» ብለው ይገፏቸዋል።

እኔ የምወደው ግን የቦነስ አይረስ ሴቶችን ነው። በ1896 «የሴት ድምፅ» የሚል ጋዜጣ አወጡ። መፈክራቸውም «አምላክም፣ አሠሪም፣ ባልም የለም» ሆነ። ወንዶቹ ጓዶቻቸው አደባባይ ላይ ስለ ነፃነት ሰብከው ቤት ሲገቡ ጌታ ሲሆኑ አይተው ነዋ! በዚህች አንዲት ቃል ጭምር ነው አንዳንድ የትግል ጓዶቻቸውን ያስቆጡት።

የመፈክሩን የመጀመሪያ ግማሽ የማይቀበሉ አናርኪስቶችም አሉ። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ክርስቶስን ተከትሎ ነው መንግሥትንና ጦርን አልቀበልም ያለው። ከ1933 ጀምሮ የካቶሊክ ሠራተኛ ንቅናቄን የመራችው አሜሪካዊቷ ዶረቲ ዴይም በየዕለቱ የምታስቀድስ ሴት ነበረች። ሆኖም በ1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ የአየር ጥቃት ልምምድ ሲታወጅ መጠለያ አልገባም ብላ መናፈሻ ውስጥ እየተቀመጠች፣ በተደጋጋሚ ታስራለች።