ቲዘር፦ የአክሽንና የወንጀል ፊልም እንቆቅልሽ ከአዳማ ሲታይ

ቲዘር ለፊልም የሚሠራ በጣም አጭር ማስተዋወቂያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ታላቅ ወንድሙ ትሬለር ሁለት ደቂቃ ተኩል ድረስ ይሄዳል፤ ታሪኩንም ከሞላ ጎደል ያወራዋል። ቲዘር ግን ሆድ ይፍጀው ባይ ነው። ልጅ ሆነን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንል አልነበር? ጨዋታው ያ ነው። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» የሚለው ቆይቶ ነው። እዚህ አገሩ የትኬት ዋጋ ነው፤ መልሱ ያለው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው።

ትሬለር የሚለው ቃል ለአዳማ ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ከኋላው የሚጎትተው ተሳቢ የፈረንጅ ስሙ ይኸው ነው። የፊልሙም ስም የመጣው ከዚያው ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ከፊልሙ በኋላ ነበርና። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1913 ገደማ ጀምሮ ነበር። ተመልካቹ ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቶ ይወጣል፤ ማን ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ያያል? ስለዚህ ወደ ፊት አመጡት። ስሙ ግን ተሳቢ እንደሆነ ቀረ።

ቲዘር ከፊልሙ ምንም ላያሳይም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለወጣው «ተርሚኔተር 2» የተሠራው አንዱ ቲዘር ከፊልሙ አንድ ትዕይንት የለበትም። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይገጣጠማል፤ መጨረሻ ላይ የአርኖልድ ሽዋዚንገር ፊት ይወጣል። በቃ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

አክሽንና ወንጀል ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ እንጂ ጠባያቸው ይለያያል። አክሽን የሚሸጠው ጉልበትና ፍጥነት ነው። ወንጀል የሚሸጠው ምስጢር፣ ገንዘብና ክህደት ነው። ሁለቱን የሚያዋህድ ቲዘር አብዛኛውን ጊዜ በወንጀሉ ይጀምርና በአክሽኑ ይጨርሳል። መጀመሪያ ሌሊት፣ ከላይ የታየች ከተማ፣ የአንድ ሰው ረጋ ያለ ድምፅ። ቀጥሎ ጥቁር ስክሪን። ከዚያ ቁራጮቹ እየፈጠኑ ይመጣሉ፦ የመኪና በር፣ ሻንጣ፣ የሚሮጥ እግር፣ የሚሰበር መስታወት። ርዕሱ ይወጣል። ከርዕሱ በኋላ ደግሞ አንዲት ምራቂ ትመጣለች።

ይህን ልማድ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ደብተር፣ ስልክ፣ አንድ ማኪያቶ። አንድ የ60 ሰከንድ ቲዘር ይመርጥና ድምፁን አጥፍቶ ያየዋል። ምስሉ በተቀየረ ቁጥር በደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ያደርጋል። ከዚያ ጭረቶቹን በየአስር ሰከንዱ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አስር ሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጭረት ይኖረዋል፤ የመጨረሻው ላይ እጅ አይደርስም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ አንዳንዱ ቁራጭ ስምንት ምስል እንኳ አይሞላም። ዓይን ገና ሳይለየው ያልፋል፤ ልብ ግን ይደነግጣል። ሁለተኛው ዙር ተቃራኒው ነው፦ ስልኩን ገልብጦ መስማት ብቻ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገረመው። የቲዘር ግማሽ ሥራ ድምፅ ነው።

ድምፁም ፋሽን አለው። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ትሬለር ማለት የዶን ላፎንቴይን ወፍራም ድምፅ ማለት ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪያርፍ ድረስ ከ5,000 በላይ ትሬለሮች ላይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ እንደ መርከብ ጡሩምባ የሚያጓራው ድምፅ ሁሉም ጋ ገባ። ቀጥሎ የታወቀ ዘፈን አቀዝቅዞ ማዘፈን መጣ። አሁን ሁሉም አሰልቺ ሆኗል። ያልሰለቸው አንድ ነገር ዝምታ ነው፤ ከትልቁ ድምፅ በፊት የምትገባዋ የአንድ ሰከንድ ዝምታ።

አዳማ ላይ ቲዘር የሚሠራ ልጅ ያንን ጡሩምባ መገልበጥ የለበትም። ቅኝት አለን። ለውጥረት አንቺሆዬ ይስማማል ባይ ነኝ፤ የሚያሳክክ ነገር አለው። ትዝታን በፊልሙ ለሚሞተው ጓደኛ ያቆዩለት። ከተማው ራሱም ድምፅ አለው፦ የባጃጅ ሞተር፣ አቧራ የሚያነሳው ነፋስ፣ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» የሚል የአባዱላ ረዳት።

ምስሉም እንደዚያው። የአሜሪካ ቲዘር በሰማያዊና ቀይ የፖሊስ መብራት ይኖራል። እዚህ ማሳደድ ቢኖር በባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ፒካፕ በማይገባበት ቅያስ ይሾልካል። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ቆመዋል፤ በሁለቱ የግንባታ ምዕራፍ የተተከሉት 136 ናቸው። ማታ ከሥራቸው የቆመች አንዲት መኪና፣ መብራቷን አጥፍታ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ንግግሩም አማርኛ ብቻ ከሆነ ከተማው አዳማ አይመስልም። እዚህ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል።

ድሮን ማብረር ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የውሸት ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ መሮጥም ለፖሊስ ሳይነግሩ የሚሞከር አይደለም፤ ቀረጻው በእውነተኛ ወንጀል ፊልም ያልቃል።

የቀረችው ምራቂዋ ናት። ከርዕሱ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ትሆናለች፤ ወይ ታስቃለች፣ ወይ ታስደነግጣለች። ለምሳሌ፦ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ሌሊት። ሰው የለም። ባዶ ቢሮ ውስጥ የመስመር ስልክ ይጮኻል። አንድ እጅ ያነሳዋል። «አቤት» ይላል የሽማግሌ ድምፅ። ጥቁር።