የነከሰ ውሻ የአሥር ቀን ክትትል ምንድን ነው?

የአሥር ቀን ክትትል ማለት ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት፣ ከነከሰበት ዕለት ጀምሮ አሥር ቀን ሙሉ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት፣ ሳይገደል፣ ሳይሸጥና ከሰፈር ሳይርቅ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ያሳይ እንደሆነ በየቀኑ የሚታይበት አሠራር ነው። በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ በእንስሳት ቁጥጥር ሥራ ላይ ሳለሁ ነዋሪው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነው፤ ደጋግሞ የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። አንዳንዱ አሥሩን ቀን የውሻው ቅጣት አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ የተነከሰው ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ነፍስ ያጠፋል።

ቁጥሩ አሥር የሆነበት ምክንያት ከበሽታው አካሄድ የመጣ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የነርቭን መሥመር ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ በሰው ላይ ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ በአንድ ሳምንት የሚያልቅበት፣ እስከ ዓመት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። በውሻም ዘንድ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ውሻው በዚህ ሁሉ ጊዜ ቫይረሱን ተሸክሞ ቢዞርም ምራቁ ገና ንጹሕ ነው። ምራቁ የሚበከለው ቫይረሱ አንጎል ከደረሰና ከዚያ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ከወረደ በኋላ ነው፤ እዚህ የደረሰ ውሻ ደግሞ ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገለጥበታል፣ ከተገለጠበትም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ስለዚህ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ አሥረኛውን ቀን በጤና አያልፍም። በጤና ካለፈ፣ በዚያች ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። መልሱ ስለዚያች አንዲት ንክሻ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ውሻው ወደፊት አይታመምም የሚል ዋስትና አይሰጥም፤ ክትትሉ ሲያልቅ ውሻውን ማስከተብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው የነከሰን ውሻ በድንጋይ መግደል ምን ያህል እንደሚጎዳ ይገባዋል። በአንድ ወቅት ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንድ ሕፃን ተነክሶ ተጠርተን ስንደርስ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ውሻውን ጭንቅላቱን ቀጥቅጠው ገድለውት አገኘን። ያደረጉት ለሕፃኑ ተቆርቁረው ነበርና ልወቅሳቸው አልቻልኩም። ነገር ግን በሽታው በሞተ እንስሳ ላይ የሚረጋገጠው በቤተ ሙከራ ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ፣ ከዚያ ውሻ የምናገኘው መልስ አልነበረም፤ እናትዮው የልጃቸውን ክትባት ከሥጋት ጋር እስከ መጨረሻው ማስጨረስ ነበረባቸው።

በመሐል ከተማ ውሻን በሕይወት ማቆየት ቀላል አይደለም። ግቢው ጠባብ ነው፤ በአንድ በር ስድስትና ሰባት አባወራ የሚገባበት ብዙ ነው፤ ሠፈር ሲነሣም ውሻው ባለቤቱን ተከትሎ የማይሄድበት ጊዜ አለ። ባለቤት ያለው ውሻ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ በቤቱ ሊታይ ይችላል። ይህ ካልሆነ ወደ ማቆያ ይወሰዳል። ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ «ፓስተር» ይለዋል፤ ስሙ ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት የቀረ ነው። የነከሱ ውሾችም ለክትትል ወደዚያ ሲወሰዱ ኖረዋል። አንዲት እናት ውሻቸውን ልናስር ስንመጣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ትገድሉብኛላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ስም ይመስለኛል ሰውን የሚያስደነግጠው፤ እኔ ለባለቤቶች «አሥር ቀን እናየዋለን» ማለትን እመርጣለሁ።

በእነዚህ ቀናት ባለሙያው የሚመለከተው የጠባይ ለውጥን ነው። ረጋ ያለው ውሻ ድንገት ተናካሽ ይሆናል፣ ወይም በተቃራኒው ተናካሹ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል፤ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ሰው የሚያውቀው ቁጡውን ዓይነት ነው፤ እኔ አብዝቼ የምፈራው ግን ዝምተኛውን ነው። በዚህኛው ዓይነት የውሻው መንጋጋ ይላላና አፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ ባለቤቱም አጥንት አንቆት ነው ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይከታል። አፉ ተከፍቶ የቀረ ውሻ አፍ ውስጥ ማንም እጁን አይክተት። ውሃ አቅርቦ መፈተንም አያዋጣም። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ የታመመ ውሻ ግን ውሃውን ሊጠጣ ይሞክራል፣ መዋጥ ያቅተዋል እንጂ አይሸሸውም።

አሁን ወደ ተነከሰው ሰው እንመለስ። ክትትሉ የውሻው ነው፤ ሰውየው አንድም ቀን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ቀድሞ በአገራችን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ በሆድ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚወጋ ነበር፤ ታላላቆቻችን ያን ስለሚያስታውሱ «ውሻው ይታይና ከታመመ እንወጋለን» ማለታቸው አይገርምም። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ክትባት በክንድ ላይ የሚወጋ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው መርሐ ግብሮች አንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሰጣል። እንግዲህ የውሻው አሥር ቀን ሲሞላ ሰውየው ሦስቱን መርፌ ወስዷል ማለት ነው። ውሻው ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን ሊያስቀረው ይችላል፤ ከታመመ ደግሞ ሰውየው ቀድሞ ተከላክሏል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለምና፣ ውሻውን እያዩ መቆየት በሰው ሕይወት መወራረድ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና ጭንቅላት ላይ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ፀረ እንግዳ አካል የያዘ መድኃኒትም በቁስሉ ዙሪያ ይሰጣል።

ውሻው የክትባት ወረቀት ቢኖረውም ከክትትል አይቀርም፤ ቡችላም ቢሆን እንዲሁ። በአሥሩ ቀን መካከል ቢሞት አይቀበርም፤ ባለሙያ ይጠራል፣ ጭንቅላቱም በበረዶ ተይዞ ለምርመራ ይላካል። ከእንጦጦ በሌሊት የሚወርደው ጅብ ከነከሰ ግን የአሥር ቀኑ ሕግ አይሠራም፤ ቁጥሩ በውሻና በድመት ላይ እንጂ በዱር አራዊት ላይ አልተረጋገጠም። ነክሶ ጎዳና ላይ የተሰወረ ባለቤት አልባ ውሻም እንደታመመ ይቆጠራል፣ የተነከሰውም ሰው ክትባቱን ሳያቋርጥ ይጨርሳል። ነዋሪው ሊያደርግልን የሚችለው ትልቁ እርዳታ የውሻውን ቀለም፣ የገባበትን መንደርና የነከሰበትን ሰዓት ይዞ በዚያው ቀን ለወረዳው ማሳወቅ ነው፤ በማግሥቱ ስንፈልገው ብዙ ጊዜ አናገኘውም።