ስለ ቻይና የወፍ መመገቢያ ሸክላዎች የሚባለውና እውነታው

በቻይና ወፍን ቤት ውስጥ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው። ለወፎቹ እህልና ውሃ ማቅረቢያ ከተሠሩት ዕቃዎች እጅግ የማደንቃቸው ትንንሾቹ የሴላዶን ሸክላዎች ናቸው። ሴላዶን አረንጓዴ፣ መስታወት መሰል ልባስ ያለው ሸክላ ነው። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ግን ብዙ ስህተት ይወራል።

«የልጆች መጫወቻ ናቸው።» መዳፍ ላይ ስለሚቀመጡ እንዲህ ይመስላል። ጎናቸውን እዩት። በአንድ በኩል ትንሽ ጆሮ አለ። በእሱ በኩል ከቀርከሃው የወፍ ቤት ጋር ይታሰራሉ፤ ወፏ ስትዘል አይደፉም። ትንሽ ሁሉ የወፍ ነው ማለትም አይደለም። ወደ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ተልከው በመቃብር ውስጥ የተገኙ ብዙ ትንንሽ ማሰሮዎች ለሌላ አገልግሎት የተሠሩ ናቸው።

«አረንጓዴው የተቀባ ቀለም ነው።» በፍጹም! ሚስጥሩ ብረት ነው። ልባሱ ውስጥ ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ የብረት ኦክሳይድ አለ። ምድጃው ከ1200 ዲግሪ በላይ ሲግል ሸክላ ሠሪው አየር ያሳንሳል። እሳቱ ኦክስጅን ሲያጣ ከብረቱ ላይ ይወስዳል፤ ልባሱም አረንጓዴ ይሆናል። አየር ከበዛ ያው ልባስ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። ይህን በዓይን ግምት ብቻ መቆጣጠር ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ አስቡት።

«መርዝ ሲነካው ይሰነጠቃል።» ተረት ነው። ልባሱ ላይ የሚታየው የመረብ መስመር የሚመጣው፣ ሲቀዘቅዝ ልባሱ ከሸክላው አካል ይበልጥ ስለሚኮማተር ነው። የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279) ሠሪዎች ሆን ብለው ለውበት ያወጡት ነበር።

«የነገሥታት ዕቃ ብቻ ነበር።» ወፍ ለሚወዱ ነገሥታት መሠራቱ እውነት ነው። በሸክላ ሥራ በታወቀችው የቻይና ከተማ በጂንግደዠን የንጉሣዊ ምድጃዎች ቁፋሮ በንጉሥ ሹዋንደ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1426 እስከ 1435) የተሠሩ የወፍ መመገቢያዎች ወጥተዋል። የዠጂያንግ ግዛት የሎንግቿን ምድጃዎች ሴላዶን ግን በብዛት የሚነገድ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1323 ገደማ በኮሪያ ሲናን አጠገብ ከሰመጠ አንድ መርከብ ብቻ ከ20,000 በላይ ሸክላዎች ተገኝተዋል፤ ከግማሽ በላዩ የሎንግቿን ነው።

«ጆሮና አረንጓዴ ልባስ ካለው ጥንታዊ ነው።» ሎንግቿን ዛሬም ይሠራል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 የአተኳኮስ ሙያውን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ስለዚህ ሻጭ «700 ዓመቱ ነው» ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያ አሳዩት።